መምህርቷ ትናገር ትላለች፤ እኔ ያሳደግኳት ዝም እንድትል ነው

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከፓሪስ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሊሴ በሚሉት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ገብቷል። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ ሴ ኤም አን በሚሉት ክፍል ትማራለች፤ በእኛ አራተኛ ክፍል መሆኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት የእሷ የውጤት መግለጫ ደረሰኝ። ንባብ ጥሩ ነው፤ ሒሳብ ደህና ነው፤ የቃል ጽሕፈት ላይ ስሕተቷ ከአንድ እጅ ጣቶች አይበልጥም። ከሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ግን ያው የማውቀው ነገር ተጽፏል፦ ትጉህ ናት፣ ነገር ግን እጅግ ቁጥብ ናት፤ በክፍል ውስጥ በቃል መሳተፍ አለባት። ይህን ሳነብ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። አምና አንብቤ አልፌዋለሁ፤ እንዲያውም ቁጥብ የሚለውን እንደ ምስጋና ነበር የቆጠርኩት። ዘንድሮ ግን ቆረቆረኝ።

ልጄን አስቀምጬ ጠየቅኋት። መልሱን ታውቀዋለች። እዚህ ተማሪ የሚናገረው አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ነው፤ እሷ ግን ጣቷን አታነሣም፤ መምህርቷ ራሷ እስክትጠራት ትጠብቃለች። ትልቅ ሰው ሳይጠይቅ መናገር ነውር ነው አለችኝ። ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ተነሥታ ትስማለች፣ ውኃ ታስታጥባለች፣ ከዚያ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ያየ ሁሉ ጨዋነቷን ይመሰክርላታል። ያ ምስክርነት ለእኔ ከማንኛውም ውጤት ይበልጥብኝ ነበር።

እኔም ብሆን በአምስት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤቷ ደጅ ያለፍኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ስትመዘገብ፣ በኋላም በጨዋታ ሜዳ ወድቃ ጥርሷ በተሰበረ ጊዜ። መምህር ሥራዋን ትሥራ ብዬ ነው። እና ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያቺ ሁለት መስመር በእርግጥ ልጄን ትጎዳለች? የምትጎዳስ ከሆነ አስተዳደጌን ልለውጥ?

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው እንዲመች የመጡትን ምላሾች በቁጥራቸው ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የጻፍኩት የሰዎቹን ሐሳብ እንጂ ቃላቸውን አይደለም።

1ኛ ምላሽ

ከሊዮን የጻፈች የሦስት ልጆች እናት በመጀመሪያ አጽናናችኝ። የሦስቱም ልጆቿ የውጤት መግለጫ ላይ ይኸው አስተያየት እየተመላለሰ እንደሚጻፍ፣ የምታውቃቸው ሐበሾች ቤትም እንዲሁ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ መምህርቷን ሄጄ አነጋግሬያት እንደሆነ። አላነጋገርኳትም።

2ኛ ምላሽ

በስትራስቡርግ የትምህርት ቤት ረዳት የሆነች እህት ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ፤ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ስለሆነ በደንብ ልዘርዝረው። ጉዳዩ የአንዲት መምህርት ጠባይ አይደለም። ከ2019 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ትምህርት ግዴታ የሚሆነው ከሦስት ዓመት ዕድሜ ነው፤ በዚያ ማተርኔል በሚሉት የመዋዕለ ሕፃናት ዘመን ከምንም በፊት የሚሠራበት ደግሞ ንግግር ነው። ልጁ ኮሌዥ የሚሉትን ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ሲጨርስ፣ ብሬቬ ለሚባለው ማጠናቀቂያ ፈተና መምህራን ፊት ቆሞ 15 ደቂቃ ስለ ሥራው ይናገራል፣ ይጠየቃል። ሊሴ ውስጥ የመጨረሻው ዓመት ሳይደርስ የፈረንሳይኛ የቃል ፈተና አለ። ባክ በሚሉት የሊሴ ማጠናቀቂያ ፈተና ላይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ግራን ኦራል የሚሉት ትልቅ የቃል ፈተና ተጨምሯል፤ 20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ያቺ ሁለት መስመር ከወዲሁ የተሰጠች ማስጠንቀቂያ ናት፤ ዛሬ ጣቷን ያላነሣች ልጅ ያን ቀን አፏ እንዳይያዝ የታሰበ ነው።

ይህን ሳነብ ወንድሟ ትዝ አለኝ። እሱ የመጣው በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ አንድም ቃል ፈረንሳይኛ ሳያውቅ ነው። አዲስ ለመጡ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በተዘጋጀው ክፍል ገባ፤ በምህጻር ዩፔ ዶ አ ይሉታል። በኮሌዥ ቢያንስ በሳምንት 12 ሰዓት ፈረንሳይኛ ነው፤ የቀረውን ሰዓት ከእኩዮቹ ጋር ይማራል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ልጅ አፉ የታሰረ ነበር፤ የአፍጋኒስታኑም፣ የሱዳኑም፣ የብራዚሉም። ማንም በማንም አይስቅም። መምህሩ ሥዕል እያሳየ አንድ በአንድ አናገራቸው። ዛሬ ልጄ ከማንም ጋር ይከራከራል። በአራት ዓመቷ የመጣችው እህቱ፣ ፈረንሳይኛዋ ከእሱ የጠራ፣ እሷ ናት ዝም የምትለው። ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የእሱ ነበር። ይህን ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም።

3ኛ እና 4ኛ ምላሽ

ሦስተኛው ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብሎ ብቻ አለፈ። አራተኛው ዝም አይነቅዝም ብሎ መለሰለት። ሁለቱም የእኛው ምሳሌዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ከአንድ እናት አፍ ሰምቼ ነው ያደግኩት።

5ኛ ምላሽ

ከቱሉዝ የጻፈ አባት ስለ ዝምታ ሳይሆን ስለ ውጤት መግለጫ አነባበብ ያጋጠመውን ነገረን። ልጁ በስድስተኛ ክፍል 13 ነጥብ ከ20 አምጥቶ ደስ ብሎት ይገባል። አባትየው በልቡ አስልቶ ከመቶ 65 ሆነበት፤ እሱ ባደገበት ደግሞ 65 አንገት የሚያስደፋ ነው። ተቆጣው፣ የሳምንቱን ኳስ ከለከለው። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው አለቀሰ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው አባትየው ያወቀው፤ 10 ማለፊያ ነው፣ 12 ደህና የሚባል ማዕረግ ነው፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ። 13 ያመጣ ልጅ የሚመሰገን ልጅ ነበር። ይቅርታ ጠይቆታል፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ውጤቱን በራሱ ፈቃድ አያሳየውም።

6ኛ ምላሽ

አንዲት እህት በትሕትና አረመችው። እነዚያ ማዕረጎች የባክና የብሬቬ ናቸው፤ በየጊዜው የሚመጣው የኮሌዥ መግለጫ ላይ የሚጻፈው የመምህራኑ ጉባኤ አስተያየት ነው። በታችኛው ክፍል ደግሞ በብዙ ቦታ ቁጥር የለም፤ ግቡን አልደረሰም፣ በከፊል ደርሷል፣ ደርሷል፣ አልፎታል የሚሉ አራት ደረጃዎች ናቸው። ትክክል ናት፤ የእኔም ልጅ መግለጫ እንዲህ ነው።

7ኛ ምላሽ

ይህ የራሴ ነው። እኔ ልጄን ዝም ያሰኘኋት በእንግዳ ፊት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝን ማታ ልንገራችሁ ብዬ ጻፍኩ።

ማካፈል ጀምረው ነበር። 96 ለ4። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያን ሐምራዊ መስመር የተጠላለፈበትን ደብተር ዘርግታለች። ልርዳሽ ብዬ እርሳሱን ተቀበልኳት። እኔ እንደ ተማርኩት 4ን ከግራ አስቀምጬ፣ 96ን በቅንፍ ከልዬ፣ ድርሻውን ከላይ ጻፍኩ። ልጄ ደብተሩን ሳብ አድርጋ ዝም አለች። እዚህ አካፋዩ የሚጻፈው በቀኝ ነው፤ ቁልቁል መስመር ይሰመራል፣ ድርሻው ከአካፋዩ ሥር ይውላል። እሷ ያንን ታውቃለች። መልሳችንም አንድ ነው፣ 24። ግን ተሳስተሻል ልትለኝ አልደፈረችም። እኔ በያዝኩት መንገድ ጨረስኩ፣ ተነሣሁ፤ ጠዋት ደብተሯን ሳይ ላጲስ የነካው ገጽ በሙሉ ሻክሯል፤ ማታ እኔ ከተኛሁ በኋላ አጥፍታ በእነሱ መንገድ ደግማ ሠርታዋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷን ላለማሳፈር ከእንቅልፏ ቀንሳ።

8ኛ ምላሽ

የማርሴይ ወንድም ስለ ማካፈሉ ሲጽፍ ወደ ቁጥር አጠራር ሄደ። ሰባ ለማለት ስልሳ አሥር፣ ሰማንያ ለማለት አራት ሃያ፣ ዘጠና ሰባትን ደግሞ አራት ሃያ አሥራ ሰባት ይላሉና ልጁን የማባዛት ሠንጠረዥ ሲያስጠና እሱ ራሱ እንደሚደናገር ነገረን። ቤልጅግና ስዊዘርላንድ ለሰባና ለዘጠና የየራሳቸው ቀጥተኛ ቃል ስላላቸው እዚያ ያሉ ወገኖች ከዚህ ድነዋል።

9ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ነው ንፋሱ የተለወጠው። ከየት እንደሚጽፉ ያልነገሩን፣ ከአነጋገራቸው ትልቅ ሰው የሚመስሉ አባት ሁላችንንም ገሠጹን። ልጅ በአባቱ ፊት አይሆንም ማለት የሚማረው ከዚያ ትምህርት ቤት ነው አሉ። ማተርኔል ውስጥ መምህርን አንቺ ብለው እንደሚጠሩ፣ እሳቸው ለመምህራቸው ቆመው እንደ ተማሩ ጻፉ። ለሁለት መስመር አስተያየት ብለን ልጆቻችንን ባለጌ ልናደርግ ነው፤ እናቲቱም ወላጅ ከሆነች መምህርቷን ትምከር እንጂ ልጇን አታበላሽ። እኔን ነው።

አንቺ የማለቱ ነገር እውነት መሆኑን ልመሰክር። ቱ እና ቩ ማለት የእኛ አንቺና እርስዎ ነው፤ ትንንሾቹ ቱ ብለው ይጀምራሉ፣ ከፍ ሲሉ ቩ ማለትን ይማራሉ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ደንግጫለሁ።

10ኛ ምላሽ

የሊል እህት አልታገሰችም። እኚህ አባት የልጃቸውን መምህር ስም ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። ፍርሃትን አክብሮት ብሎ መጥራት የለመድነው ጉድ ነው፣ እሷ ራሷ በዚያ ፍርሃት አድጋ እስከ ዛሬ በሥራ ስብሰባ ላይ ድምፅዋ እንደሚንቀጠቀጥ ጻፈች። ቃሏ ሸካራ ነበር። ለትልቅ ሰው እንዲያ መጻፏን አልወደድኩትም፤ ያለችው ግን ከውስጤ አልወጣም።

11ኛ ምላሽ

ከዚህ ክር ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ አስቀምጪ ብባል ይህን አስቀምጣለሁ። ጸሐፊው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ናቸው፤ አሁን ኑሯቸው እዚሁ ፈረንሳይ ነው። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል አሉ፤ ዘጠነኛውም አሥረኛዋም። ዝምታን የኢትዮጵያ አስተዳደግ ነው ያለው ማን ነው? ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ሀ ሁ የሚለው መንደሩ እስኪሰማ ጮኾ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ሲመጣ መምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል፤ ከተበላሸ እዚያው ይታረማል፣ ባልንጀሮቹ ይሰማሉ፣ ነገም ደግሞ ይቀርባል። ሳይናገር ቅኔ የተቀኘ ተማሪ የለም። ወደ ዓለሙ ከሄድንም የጥንቱ ሙግት፣ ተጠየቅ እየተባለ ከዛፍ ሥር በነጠላና በዘንግ የሚካሄደው፣ አንደበት ያለው የሚረታበት ነበር። አባቶቻችን የሚከበሩት በንግግራቸው ነው።

ታዲያ ዝምታው ከየት መጣ ብለው ራሳቸው መለሱ። ስደት ነው ያመጣው። ወላጁ አገሩን አያውቀውም፣ ቋንቋው ይከብደዋል፣ ወረቀቱ ያሠጋዋል፤ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ልጁ ያንን አይቶ ይማራል። ከዚያ ለዚህ ጨዋነት የሚል ስም እንሰጠዋለን። ይህን ሳነብ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እኔ አገሬ ሳለሁ ዝምተኛ አልነበርኩም። ገበያ ላይ ማንም በዋጋ አያሸንፈኝም ነበር።

12ኛ ምላሽ

የዘጠነኛው አባት ተመልሰው የቅኔው ተማሪ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ዓመታት ማገልገሉን፣ የኔታን ዝቅ ብሎ መሳሙን አትርሱ አሉ። ቃላቸው ግን ከቅድሙ ለስለስ ብሏል።

13ኛ፣ 14ኛ፣ 15ኛ እና 16ኛ ምላሽ

እዚህ ወሬው ወደ ካንቲን ዞረ፤ ባይመለከተኝም የሚጠቅም ስለሆነ አልዘለልኩትም። አንዲት እናት ልጇ መጾም ጀምራለችና በትምህርት ቤት ምሳ ምን ታድርግ ብላ ጠየቀች። ሌላዋ እንደ መለሰችላት፣ በአብዛኛው ማዘጋጃ ቤት ረቡዕ ትምህርት ስለሌለ የረቡዕ ጾም ቤት ነው የሚውለው፤ የሚያስቸግረው ዓርብ ነው። ከ2019 ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ የሌለበት ምግብ እንዲቀርብ ሕግ ያዛል፤ ነገር ግን ሥጋ የለበትም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፤ እንቁላልም አይብም ይገባበታል፣ ቀኑም ዓርብ ላይሆን ይችላል። አሥራ አምስተኛዋ የምሳው ዋጋ በብዙ ቦታ በቤተሰቡ ገቢ እንደሚወሰን አስታወሰች፤ የገቢ ማስረጃውን ለማዘጋጃ ቤት ያላስገባ ወላጅ ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። እሷ ባለማወቅ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ከፍላለች። አሥራ ስድስተኛው ስለ ማተብ ጠየቀ። የ2004 ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚከለክለው ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክትን ነው፤ በልብስ ሥር የምትውል ትንሽ መስቀል አትከለከልም። ልጄ በማተቧ ማንም አልተናገራትም።

17ኛ ምላሽ

እዚሁ ያደገ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው የጻፈው፤ አማርኛው የተስተካከለ መሆኑ ራሱ ደስ አሰኘኝ። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ የእናቱ አስተርጓሚ ነበር፤ በማዘጋጃ ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በራሱ የወላጅ ስብሰባ ላይ ሳይቀር። አንድ ቀን መምህሩ ሥራውን እንደማይጨርስና ክፍል እንደሚበጠብጥ ለእናቱ ሲነግራት፣ እሱ ፈጣን ነው፣ ጎበዝ ነው ብሎ ተረጎመላት። እናቱ በደስታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለመምህሩ ጎንበስ አለች። መምህሩ ግራ ተጋብቶ ሲያያት ልጁ አየው። ያን ቀን ያሸነፈ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን የእናቱ ጎንበስ ማለት ከዓይኑ አይጠፋም። ስለዚህ ለመነኝ፤ ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ አትሂጂ፣ ደግሞም በቋንቋሽ መሰበር ምክንያት አትቅሪ። እሱ የእናቱን ዝምታ ለረጅም ጊዜ እንደ ግድ የለሽነት ነበር የቆጠረው።

18ኛ ምላሽ

የሊዮኗ እናት ተመልሳ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለስደተኛ ወላጆች በነጻ የሚሰጥ የፈረንሳይኛ ትምህርት እንዳለ ነገረችን። ትርጉሙ ትምህርት ቤትን ለወላጆች መክፈት የሚል ነው። ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የውጤት መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ፣ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ምን እንደሚጠብቅም ያስተምራሉ። በየቦታው የለም፤ ባለበት ግን ጠይቀው የሚመዘገቡት ጥቂት መሆናቸው ያሳዝናታል።

19ኛ ምላሽ

አዲስ አበባ ሊሴ ገብረማርያም የተማረ አንድ ሰው እንደ ፈረንጆች ከ1947 ጀምሮ ይኸው የፈረንሳይ ሥርዓት በከተማችን መኖሩን አስታውሶ፣ ወላጆቹ አንድም ቃል ፈረንሳይኛ ሳያውቁ እሱ ባክ ማለፉን ጻፈ። ደስ ይላል፤ ግን እሱ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ የሚገባው ገዛ አገሩ ነው።

20ኛ ምላሽ

የእኔ ነው። በመገናኛ ደብተሯ ላይ ቀጠሮ ጠይቄ ጻፍኩ፤ መምህርቷ በማግስቱ መለሰችልኝ። ማክሰኞ ልጆቹ ከወጡ በኋላ በ16፡45 ሄድኩ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ ለማስተርጎም አብራኝ መጣች። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ሥዕል ይዛ ተቀመጠች። ጉልበቴ ጠረጴዛውን የሚነካባት የሕፃን ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ያልኩትን በራሴ ፈረንሳይኛ አልኩት፤ አውቶቡስ ውስጥ አጥንቼዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ዝም ማለት እርስዎን ማክበር ነው፣ ልጄ አትፈራዎትም፣ ታከብርዎታለች። መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለሁለት ዓመት ስላልመጣሁ ጊዜ የለኝም ወይም አልፈልግም ብላ አስባ ነበር። ልጄ ስትጠራት አንገቷን ስትደፋም የደበቀችው ነገር ያለ መስሏት ነበር። እኔ ለእሷ በማሰብ የራቅሁት ርቀት ሁሉ እንዲያ ነው የተነበበው።

ሁለት ነገር ተስማማን። ጠዋት ጠዋት ልጆች አዲስ ነገር የሚያወሩበት ጥቂት ደቂቃ አላቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ተራው የእሷ ይሆናል፤ አስቀድማ ቤት ትዘጋጃለች። እኔ ደግሞ በአማርኛ አስወራታለሁ። አማርኛችንን እንድንተው ትጠይቀኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ አትተዉት አለችኝ።

ልንነሣ ስንል ችግሩ የእኔም ነው ለማለት ፈልጌ ላ ፕሮብሌም አልኩ። ከኋላ ድምፅ መጣ። ለ ፕሮብሌም ነው እማዬ፣ ቃሉ ወንድ ነው። መምህርቷ ዞራ አየቻት። ልጄ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እኔን አየች፤ ቁጣ ስትጠብቅ። አመሰግናለሁ ልጄ ብዬ በትክክሉ ደገምኩት።

21ኛ ምላሽ

የዘጠነኛው አባት ናቸው። ስለ ቀድሞው አነጋገራቸው ምንም አላነሡም። የወንድ ልጃቸው መግለጫ ላይም እንደ እኔ ያለ አስተያየት እንዳለ፣ ቀጠሮ የሚጠየቀው በስልክ ነው ወይስ በጽሑፍ፣ በአማርኛ ቢጻፍ ልጁ ቢተረጉመው ያስኬድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጁ ባይተረጉመው ይሻላል አልኳቸው። ከዚያ በደብተሩ ላይ በገዛ እጃቸው የሚገለብጡትን አጭር ዓረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ ጽፌ፣ ከሥሩ ትርጉሙን አስቀመጥኩላቸው፦ የልጄን ትምህርት በሚመለከት ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ፤ ከ16፡30 በኋላ በማንኛውም ቀን ይመቸኛል።